የብሳና ቅርጫ

ወረታ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጽጌሬዳ አገኘሁ፣

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም የሚያመኝ ስቀመጥና ስነሣ ብቻ ነው፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ የራሴ ነው። ደብዳቤ የምጽፍልሽ አስተማሪሽ ስለነበርኩ የድሮ ወግ ይዞኝ አይደለም። ስልኩ ከሚሠራበት የማይሠራበት ቀን ይበዛል። ሲሠራም መስመር የሚገኘው የዘመነ ሩዝ መፈልፈያ በር ላይ በመሆኑ፣ ሩዙን ይዞ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ አብሮኝ ያወራሻል።

የላክሽው ካርቶን በሰላም ገብቷል። ሾፌሩ ምን እንዳለበት ጠይቆኝ፣ ካንዴላና የፍሬን ሸራ መሆኑን ስነግረው ቅር አለው። ከቃሊቲ ጀምሮ በእግሩ መሀል ይዞት ሲመጣ ሌላ ነገር መስሎት ነበር። ለባለ መኪኖች ማኅበራችን አባላት አከፋፍያለሁ፤ ሁሉም አመስግነውሻል። እታለም ግን ካንዴላው ከድሮው ያጠረ ነው ብላለች። እታለምን ታውቂያታለሽ፣ መናኸሪያው አጠገብ አልጋ የምታከራየው። ያላማረረች ቀን ታማለች ማለት ነው።

ፋብሪካው የብሳናን ታሪክ ጻፊ ስላለሽ፣ መኪናው ወረታ እንዴት እንደገባ ጠይቀሽኛል። እንዳየሁት ልንገርሽ።

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባት ነው። የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያዩበት ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ድምፅ ማጉያ መጣ፤ ሁለት ነጫጭ መኪኖች ከጭነት መኪና ላይ ወረዱ። ክራባት ያሰረ ጎረምሳ «ብሳና! የአፈራችን መኪና!» ይላል። ከገበያ የሚመለስ አንድ ገበሬ አህያውን አቁሞ ስሙን ማን እንዳወጣው ጠየቀ። ጎረምሳውም የድርጅቱ ሊቀ መንበር አባት በብሳና ዛፍ ሥር ለሽምግልና ይቀመጡ እንደነበር አስረዳ። ብሳና እዚህ አገር በምን እንደሚታማ የሚያውቅ ሁሉ መሬት መሬት አየ። ገበሬው ብቻ በሩን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ፣ «ይኼስ ቆርቆሮ ነው፤ ላይነቅዝ ይችላል» ብሎ አህያውን ነዳ።

በማግሥቱ ባለ ሩዝ መፈልፈያው ዘመነ ገዛ። ዘመነ ከገዛ በሩዝ ያለፈለት ሁሉ ሊገዛ ግድ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከወረታ ይፋግ፣ ከወረታ አዲስ ዘመን ሰው የሚያመላልሰው ብሳና ሆነ። ሙሽራ ያለ ብሳና ከቤቷ አልወጣም አለች። ተማሪዎቼ መኪና ሣሉ ሲባሉ ጎማውን ረስተው ኮፋኖው ላይ ያለውን ቅጠል አሳምረው ይሥላሉ። እኔም ገዛሁ፤ ለምን እንደገዛሁ ሚስቴ ጠይቃኝ እስካሁን መልሱን እያዘጋጀሁ ነው።

ከዚያ አባትሽ። ማጭድና ማረሻ እየቀጠቀጠ ላስተማረሽ ሰው፣ በሠራተኛ ቅናሽ አስወጥተሽ መኪና የላክሽለት ጊዜ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን «ቀጥቃጭ መኪና ገዛ» አለ። ሌላውም ወገን «ቀጥቃጭ መኪና ገዛ» አለ። ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ተሳፈሩ፤ በእግሯ መሄድ የምትችል ዶሮ እንኳ ይዘው ተሳፈሩ።

መኪናው አሁን መቆሙን አልደብቅሽም። ይፋግ መንገድ ጭቃ ውስጥ ሲታገል ፍሪሲዮኑ ተቃጠለ። አባትሽ በስልክ ምን እንዳለሽ አላውቅም፤ «ሁሉ ሰላም ነው» ብሎሽ ከሆነ ስለ ፍሪሲዮኑ ማለቱ አይደለም።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በአስተማሪነቴ ዘመን እንዳየሁት ታሪክ የሚጻፈው ላለፈ ነገር ነው። የሚባለው እውነት ነው?

በደኅና ዋይልኝ።
ባየህ


ቃሊቲ፣ ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

የተከበሩ መምህሬ ጋሽ ባየህ፣

ሰላምታዬ ከነመላው ቤተሰብዎ ይድረስዎ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ቃል የሚበቃው ስለሆነ፣ ገጹን በምን እንደምሞላው ጠፍቶኝ ነው እየጀመርኩ የተውኩት።

እውነት ነው። ተዘግቷል።

ሰው ሁሉ ብሳና የእኛ ነው ሲል ፋብሪካ ውስጥ ያለነው ዝም እንል ነበር። የእኛ የነበረው ስሙ፣ ቅጠሉና ብሎን ማጥበቁ ነው። ሌላው በሣጥን ተጭኖ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ እኛ ሣጥን ከፍተን እንገጥማለን። ባለ ሥልጣን ሊጎበኝ ሲመጣ ሣጥኖቹን በሸራ እንሸፍናለን። አንድ ጊዜ አንዱ ጎብኚ ሸራውን ገልጦ አይቶ መልሶ ሸፈነው፤ ጨዋ ሰው ነበር።

መጀመሪያ ዶላር ጠፋ። ሣጥኖቹ እየዘገዩ፣ ሲመጡም እየጎደሉ መጡ። አንድ ሰሞን ያለ ሬዲዮ ሸጥን። ቀጥሎ ያለ ክሪክ ሸጥን። ቀጥሎ የቀኝ ስፖኪዮ «ደንበኛው ከፈለገ» ተብሎ በተጨማሪ ዋጋ ወጣ። ከዚያ ባሕር ማዶ ያለው አምራች ለሌላ ድርጅት ተሸጠ፤ ገዢውም የእኛን ሞዴል አገላብጦ አይቶ ከእንግዲህ አልሠራውም አለ። ሥራ አስኪያጁ ሰብስቦን ደብዳቤውን አነበበልንና ጥያቄ ካለ አለ። ከብየዳ ክፍል አንዱ ምሳ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ።

የመጨረሻው ብሳና ከመገጣጠሚያው የወጣው በግፊ ነው፤ ባትሪ አልነበረውም። ቆመን አጨበጨብን።

አዳራሹ አሁን ለሠርግ ይከራያል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉም ቅባት የጠጣ ስለሆነ ለጭፈራ ይመቻል ይላሉ። ሙሽሮቹ ፎቶ የሚነሡት ሞተር የሚንጠለጠልበት ክሬን ሥር ነው። ታሪኩን ጻፊ ያሉኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው፤ መግቢያው ግድግዳ ላይ ለጌጥ ሊሰቅሉት አስበዋል። እኔ መጋዘን ውስጥ የቀረችውን ዕቃ እንድጠብቅ ተትቻለሁ፤ እስክትሸጥ ድረስ ደመወዝ አለኝ።

ለምን ቀደም ብዬ እንዳልጻፍኩ ይጠይቁኝ ይሆናል። ቀደም ብዬ ብጽፍም እናንተ ዘንድ ባሉት መኪኖች ላይ የሚለወጥ ነገር ስላልነበረ ነው። ለማኅበሩ መንገሩን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በላክሁት ካርቶን ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለው ፍሪሲዮን የአባቴ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ሌላ የለም። እባክዎ በእጁ ይስጡልኝ፣ ጨርቁን ሳይፈቱ።

ታዛዥዎ
ጽጌሬዳ


ወረታ፣ ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጽጌሬዳ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። ፍሪሲዮኑን ጨርቁን ሳልፈታ ሰጥቻለሁ። አባትሽ መኪናውን አስነሥቶ በደጄ አለፈ፤ ጥሩምባውን ነፋልኝ። እሱ የሚሠራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ማኅበሩ ምን እንዳለ ትጠይቂ ይሆናል። የብሳናን መዘጋት ስነግራቸው መጀመሪያ ማንም አላዘነም፤ ሁሉም የየራሱን መኪና ጉድለት በሆዱ ሲያሰላ ነበር። ሊቀ መንበራችን ዘመነ ታዲያ መለዋወጫ ከየት ሊመጣ ነው ብሎ ጠየቀ። እታለም ናት የመለሰችው።

«ሥጋ ከየት ይመጣል? ከበሬው ነዋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘመነ ካሉት ብሳናዎች አንዱን ሾፌሩ ርብ ማዶ ሩዝ ማሳ ውስጥ ገልብጦታል። ጀርባው ተጨፍልቋል፤ ሆድ ዕቃው ጤና ነው። ለገና በሬ በቅርጫ መጣላችን አይቀር፤ ያንኑ ቀን መኪናውንም በቅርጫ እንጣለውና በዕጣ እንካፈል ተባለ። ዋጋውን አዋጥተን ለዘመነ ከፈልን፤ ዘመነም እንደ ማንኛውም ባለ በሬ አንድ መደብ ገባ።

የዋዜማው ዕለት ዘመነ ግቢ ተሰበሰብን። በሬው በአንድ በኩል፣ መኪናው በሌላ በኩል። መካኒኩ አንለይ መፍቻውን ይዞ ሊጀምር ሲል አንዱ «ምሥራቅ ይዙር እንጂ» አለ። የሳቀ የለም። ገፋነውና አፍንጫውን ወደ ምሥራቅ አዞርነው። አንለይ የመጀመሪያውን ብሎን ሲፈታ ካጠገቤ አንድ ሰው ቀስ ብሎ «በስመ አብ» ሲል ሰምቻለሁ፤ ማን እንደሆነ ዞር ብዬ አላየሁም፤ እኔም ልሆን እችላለሁ።

ከዚያ ክርክር ሆነ። ሞተሩ ሻኛ ነው ወይስ ታላቅ? አንዱ ሞተር እንደ ሻኛ ተቆራርሶ ለሁሉም ይዳረስ አለ፤ አንለይ መፍቻውን አስቀምጦ እስኪስማሙ ተቀመጠ። በመጨረሻ ፈትተን በየመደቡ አመጣጠንን፤ ካምቢዮ ያለበት መደብ ላይ ሌላ እንዳይጨመር፣ ስፖኪዮ የደረሰው መደብ ላይ በር እንዲጨመር። ቆርቆሮው እንደ ቆዳ ተቆጥሮ ለውራጅ ነጋዴ ተሸጠ። መደቦቹ በኬሻ ላይ ተደርድረው ዕጣ ተጣለ። ለእታለም ዲናሞና የግራ በር ደረሳት፤ ጨጓራ እንደደረሰው ሰው ፊቷን አጨማደደች። ለዘመነ ከገዛ መኪናው ባሌስትራው ደረሰው። ለአንለይ ለእጁ ዋጋ የመኪናውን ባትሪ ሰጠነው። ለእኔ መሪ ደረሰኝ። መኪናዬ መሪ አለው፤ ሁለተኛውን መጽሐፍ ሳነብ ክርኔን አሳርፍበታለሁ።

በሥጋውም በመኪናውም ሰው ሳይጣላ ያለቀ ቅርጫ ይኼ የመጀመሪያው ነው ተባለ። ሁሉም ሰው የደረሰውን ተሸክሞ ሄደ። አባትሽ ደኅና ነው፤ እናትሽ አምሳልም ሰላም ብላሻለች።

ባየህ


ቃሊቲ፣ የካቲት 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

የተከበሩ መምህሬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጻፉልኝን የቅርጫ ወግ እዚህ ለቀረነው ጥቂት ሰዎች አነበብኩላቸው። ምሥራቅ ማዞሩ ላይ ሲደርስ የጥበቃው ሰውዬ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ለብቻዬ ደግሜ አነበብኩት። ዲናሞው ለማን፣ ባሌስትራው ለማን፣ መሪው ለማን እንደደረሰ ጽፈዋል። መኪና ለሌለው ለአንለይ እንኳ የእጁን ሰጥታችሁታል። አባቴ የማኅበሩ አባል ነው፤ መዋጮውን እንደማያጓድል እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል። ስሙን ፈልጌ አጣሁት። «አባትሽ ደኅና ነው» የሚለውን አገኘሁ።

በስልክ ጠየቅሁት። ሁሉ ሰላም ነው አለኝ።

ልጅ ሆኜ በበዓል ዋዜማ ሰው ሁሉ ሥጋውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ በደጃችን ሲያልፍ እናያለን። በሬው የታረደበትን ቢላዋ የሠራው አባቴ ነው። ቢላዋውን ሊያስሉ የሚመጡት እዚያው በደጁ ቆመው ይጠብቃሉ፤ ሲስልላቸው አመስግነው ይሄዳሉ። እሱ ሉካንዳ ሄዶ ገዝቶ ይመጣል። ለምን ቅርጫ እንደማንገባ እናቴን ጠይቄያት የሉካንዳ ሥጋ ይሻላል አለችኝ። ለረጅም ጊዜ አመንኳት።

መምህር፣ መኪና ሥጋ አይደለም። ብሎን ነው። ብሎኑን ማን እንዳጠበቀው እኔ አውቃለሁ፤ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ዕቃ በእኔ እጅ ነው። አባቴ እንደ ሰው ዕጣ እስኪጥል ድረስ ለማኅበሩ አንዲት ካንዴላ አልልክም። ይህን ያንብቡላቸው።

ስለ ድፍረቴ ይቅርታ። ይቅርታው ለእርስዎ ነው፤ ለእነሱ አይደለም።

ጽጌሬዳ


ወረታ፣ መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለጽጌሬዳ፣

ልጄ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አላነበብኩላቸውም። ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

አባትሽን ማን ከለከለው ትዪ ይሆናል። ማንም። ለዚህ ነው ነገሩ ለመጻፍ ያስቸገረኝ። አይምጣ ያለ የለም፤ ጥሩት ያለም የለም። እዚህ አገር ከባለ እጅ ጋር ማኅበር ይገባል፣ መኪና ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ ይሳፈራል፣ ብድር ይወሰዳል፤ በሬ ግን አብሮ አይጣልም፣ ቤቱም ተገብቶ አይበላም። ነገሩን ቅርጫ ካልነው ጀምሮ እግራችን ራሱ በለመደበት ሄደ። «የመለዋወጫ ክፍፍል» ብንለው ኖሮ አባትሽ የመጀመሪያው ተጠሪ ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። መኪናውን ምሥራቅ ያዞረው ጭንቅላት ነው አባትሽንም የረሳው። እኔም ከመሪዬ ጋር እቤቴ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ያንቺን ደብዳቤ ከማንም በፊት ለአባትሽ ላሳየው ብዬ ሄድኩ። ወናፉን እየነፋ ማረሻ ያግል ነበር። መነጽር ስለሌለው አነበብኩለት። ቢላዋው ላይ ስደርስ ወናፉን አቆመ። ከጨረስኩ በኋላ ማረሻውን ከእሳቱ አወጣው።

«መምህር፣» አለኝ፣ «ልጄ በካርቶን በር ብትከፍትልኝ፣ የገባሁት እኔ ነኝ ወይስ ካርቶኑ?»

ካርቶኑም ቢሆን መግባት ነው ልለው አስቤ ነበር፤ ስናገረው እንዴት እንደሚሰማ ገምቼ ተውኩት። ይልቅ ዘመነን ላናግረው ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «መምህር የተናገሩለት ሰው» ተብዬ አልገባም አለ። ታዲያ ምን እንድናደርግ ትፈልጋለህ አልኩት።

«ሥጋውንማ ከሉካንዳ እገዛለሁ። ዕጣ ግን ሉካንዳ አይሸጥም» አለኝና ማረሻውን መልሶ እሳት ውስጥ ከተተው።

ስለዚህ ካርቶኑን እንደወትሮው ላኪ ብሎሻል። በእሱ ምክንያት የእታለም መኪና ቆመ እንዲባል አይፈልግም። የእታለም መኪና ለመቆም የማንም ምክንያት እንደማያስፈልገው ነግሬዋለሁ።

የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ባነብበው ደስ የሚለኝ ታሪክ ነበር። እዚህ ሲሆን የሰዎቹን ስም ስለማውቅ ያስቸግራል።

ባየህ


ቃሊቲ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተከበሩ መምህሬ፣

ክረምቱ እንዴት አለፈ? መንገድ ተዘግቶ ስለነበር የሐምሌው ደብዳቤዎ የደረሰኝ አሁን በቅርቡ ነው። ጎርፉ ሩዙን እንጂ ሰው እንዳልነካ ሰምቼ ተመስገን ብያለሁ።

ይህ ካርቶን የመጨረሻው ነው። መጋዘኑ ተሸጠ። ብረቱ በኪሎ ሄደ፤ ፕላስቲኩ በጆንያ። ያልተሸጠው ኮፋኖ ላይ የሚለጠፈው ቅጠል ብቻ ነው፤ ለሺህ መኪና የሚበቃ ቅጠል ተርፏል። የጥበቃው ሰውዬ ለልጆቹ ወሰደ። እኔ ሠርግ አዳራሹ ቀጥሮኛል፤ እንግዳ ሲገባ ወንበር አሳያለሁ። የጻፍኩት ታሪክ ተሰቅሏል። ሰው ክራባቱን ለማስተካከል ሲቆም መስታወቱ ላይ ያየዋል።

በሐምሌው ደብዳቤ ስለ ራሴ የጠየቁኝን መልሻለሁ። አሁን የምለምንዎ አንድ ነገር አለ።

አባቴ ደውሎ ነበር። ሁሉ ሰላም ነው አላለኝም፤ ያኔ ነው የደነገጥኩት። «መኪናዋን ልሰጣት ነው» አለኝ። ለማን ስለው መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይ ዘጋው። መምህር፣ እዚያ ካሉት ብሳናዎች ሁሉ ደኅና የሚሄደው የእሱ መሆኑን ራስዎ ጽፈውልኛል። በዚያ ፍሪሲዮን ገና ብዙ ዓመት ይሄዳል። ያ መኪና ሳይገዛ በፊት ሰው አባቴን «አንተ አገኘሁ» ብሎ ነበር የሚጠራው፤ ሾፌር ሲሆን ነው «ጋሼ አገኘሁ፣ እዚህ አውርደን» ማለት የጀመሩት። መኪናው ከሄደ ያ ቃል አብሮ ይሄዳል።

እባክዎ ያስቁሙት። እርስዎን ይሰማል።

ጽጌሬዳ


ወረታ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽጌሬዳ፣

እንኳን አደረሰሽ። አባትሽ ደኅና ነው። ይህን የጻፍኩልሽ በፊት እንደጻፍኩት አይነት አይደለም፤ የቀረውን አንብቢ።

አስቁመው ብለሽኝ ነበር። ሄጄ ነገርኩት፤ ደብዳቤሽንም አነበብኩለት። «ጋሼ» የሚለው ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ። አውርደን ሲሉ ነው የሚሉት፣ ከወረዱ በኋላ እንደማይሉት አንቺ አታውቂም አለኝ። አላስቆምኩትም። ይቅርታሽን እጠይቃለሁ፤ መኪናውን ከፈለግሽው ግን አሁን እዚህ ሁሉም ቤት ውስጥ ትንሽ ትንሽ አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ከክረምቱ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት ብሳናዎች ከእጅ ጣት አነሱ። የእታለም ራዲያተሩ አፈሰሰ፤ የዘመነ ካምቢዮ ተሰበረ፤ የእኔ ቁልቁለት ካላገኘ አይነሣም፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ደግሞ ቁልቁለት ከየት ይመጣል። ለገና ሌላ መኪና በቅርጫ እንጣል ተባለ። ነገር ግን የሚጣለው ሁሉ የጎደለው ነው፤ ከሲታ በሬ ማን ይጥላል። ዘመነ ግቢ ተሰብስበን የማን ይታረድ እያልን ስንነታረክ አባትሽ ሳይጠራ መጣ። በሩ ላይ ቆመ።

«በሬ ትፈልጋላችሁ አሉ» አለ።

ሁላችንም በእሱ ትከሻ ላይ አሻግረን ውጭ የቆመውን መኪና አየን። ዘመነ ዋጋ ጠየቀው። አባትሽ ዋጋውን እናንተው ቁረጡ፣ አልከራከርም አለ።

«እኔም አንድ መደብ እገባለሁ» አለ።

ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ በዛበት። አንዱ ጫማውን አሰረ፤ አንዱ ስልኩን አየ፤ መስመር እንደሌለ እያወቀ። ዘመነ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሲጨንቀው ነጋዴ ይሆናል። አባትሽ መኪናውን ከሸጠ በኋላ መለዋወጫ ምን እንደሚያደርግለት አስረዳ፤ በመደቡ ፈንታ ዋጋው ላይ ይጨመርልህ አለው፤ ጨምሮም ከፍ አደረገው። አባትሽ አይሆንም አለ። ዘመነ አሁንም ከፍ አደረገ። አባትሽ አሁንም አይሆንም አለና መኪናውን ሊወስድ ዞረ።

ያን ጊዜ እታለም ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ዘመነ፣ ያንተ በሬ ሲታረድ መደብ ገብተህ የለ? በሬውን ያመጣ ሰው ቅርጫ አትገባም ሲባል የት አገር አይተሃል? እኔ ራዲያተር እፈልጋለሁ፤ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው» አለችው።

የምታወሪው ስለ ራዲያተር ነው ወይስ ስለ ሰው አላት። ራዲያተሩን ካገኘሁ ሁለቱንም አወራልሃለሁ አለችው። ሰው ሳቀ። ሲስቅ ተወጥሮ የቆየው ነገር ሁሉ ላላና ዘመነ ራሱ መዝጊያውን ከፍቶ መኪናው ይግባ አለ። እኔ ስለ ሰው እኩልነት ብዙ አንብቤያለሁ፤ በራዲያተር በኩል ሲመጣ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ይህ በሆነ በሳምንቱ፣ ትናንት በዋዜማው፣ መኪናው ታረደ። ምሥራቅ እናዙረው ያለ አልነበረም፤ አባትሽ ሲያስገባው አዙሮ ነው ያቆመው። አንለይ ሲፈታ አባትሽ አጠገቡ ቆሞ አየ። ሊያግዝ እጁን አልዘረጋም፤ እንደ ባለ በሬ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነበር። ፍሪሲዮኑ ሲወጣ ብቻ ለአፍታ ወደ ሰማይ አየ። አንለይ አዲስ ነው ማለት ይቻላል አለ፤ ሁሉም ዓይኑን ጣለበት።

መደቦቹ ተደረደሩ። እያንዳንዱ የዕጣ ምልክቱን ሰጠ። እታለም የፀጉር መያዣዋን፣ ዘመነ ቁልፉን፣ እኔ የእስክሪብቶዬን ክዳን። የአባትሽ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ እጁን በዓይኑ ተከተለ፤ ከኪሱ ብረት ነገር ያወጣል ብለን ይመስለኛል። ጎንበስ ብሎ ከመሬት አንዲት የሩዝ አገዳ አነሣና ሰጠ። ዕጣውን የሚጥል የማንንም ምልክት የማያውቅ ሰው ስላስፈለገ በበር የምታልፍ ሴት ጠራን፤ ትሁን እባላለሁ አለች፣ ዶሮ ይዛ ነበር። ዶሮዋን ለእኔ አስይዛ በየመደቡ ላይ እየዞረች አስቀመጠች። መጀመሪያ የት ምን እንዳስቀመጠች አላየሁም፤ ዶሮዋ እየነከሰችኝ ነበር።

ፍሪሲዮኑ ለዘመነ ደረሰ። የሩዟ አገዳ የተቀመጠችው ራዲያተሩ ላይ ነው።

እታለም አላመነችም። አገዳዋን አንሥታ አየቻት፤ መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ እሷ የደረሳትን የኋላ በርና የማስነሻ ሞተሪኖ ገፋ አድርጋ፣ ጋሼ አገኘሁ እንለዋወጥ፣ ላንተ ምን ያደርግልሃል፣ ከፈለግህ ገንዘብም እጨምርልሃለሁ አለች። መኪና ላይ ሳይሆን ቆማ «ጋሼ» ስትል እኔ ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን መስማቷን እንጃ። ሁሉም ትክክል ነው፣ ስጣትና ይለቅ አሉት። ዘመነ እንኳ ሞተሪኖውን የሚይዝበት ዘንቢል ሊሰጠው ብድግ አለ።

አባትሽ ራዲያተሩን አንሥቶ ትከሻው ላይ አስተካከለ። ውስጡ የቀረችው ውኃ ደረቱ ላይ ፈሰሰችበት።

«ነገ ቤት ነይ እታለም፣» አላት፣ «ዛሬ ይዤው ልግባ።»

በዋናው መንገድ ሄደ፤ እኔም ከኋላው ተከተልኩ። ባጃጅ ቆሞለት ነበር፤ አልተሳፈረም። የዋዜማ ቀን ስለሆነ ሰው ሁሉ የቅርጫ ሥጋውን ይዞ በዚያው መንገድ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ እሱም ከመሀላቸው ነበር። አንዱ «እንኳን አደረሰህ፣ ምን ደረሰህ?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «የፊት ብልት» ሲለው ሰምቻለሁ። እናትሽ ነጠላዋን አደግድጋ በሩ ላይ ቆማ ነበር። በአንድ ጎኑ ያዘችለትና አብረው አስገቡት።

ከእንግዲህ በምን ይኖራል ብለሽ እንደምትጠይቂ አውቃለሁ። ማረሻ ነው፤ ከመኪናው በፊትም ማረሻ ነበር። ደስ ብሎታል ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም፤ አልጠየቅሁትም።

እታለም ዛሬ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ራዲያተሯን ልታመጣ አባትሽ ቤት ሄዳለች። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ በሩን አያለሁ፤ የቡና ጭስ ይወጣበታል። አሁን ከቀትር በኋላ ሆኗል፤ ተሳፋሪዎቿ መናኸሪያው ላይ ስሟን እየጠሩ ያማርራሉ። እሷም ራዲያተሩም ገና አልወጡም።

ባየህ